ኩሬውን ተይው፣ ጣሪያውን አንሺው

ጥያቄ

ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምማር የ4ኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። የዚህ ሴሚስተር ፕሮጀክቴ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ለአምስት ሰው ቤተሰብ የሚሆን 80 ካሬ ሜትር ዘላቂ ቤት ነው። ግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የታመቀ አፈር ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ኮንክሪት ሆኖ ላዩ ላይ ሣር ይተከልበታል። መሀሉ ላይ በአራቱም በኩል የተከበበ ግቢ አለው፤ ግቢው ውስጥ አየሩን የሚያቀዘቅዝ ኩሬ አለ። ዋናው መኝታ ቤት የባሮን ወንዝ እንዲያይ ወደ ምዕራብ በትልቅ መስታወት ይከፈታል። ኪችኑ ከሳሎኑ ጋር አንድ ላይ ነው። በረንዳውን የሚሸከሙት የቀርከሃ ምሰሶዎች ናቸው። ሶላርና 2,000 ሊትር ሮቶም አለው። የመጀመሪያው ጁሪ (ፕሮጀክታችንን የሚገመግሙት መምህራን) ላይ «ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ገና አልበሰለም» ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ የሚወጣ አትክልትና ትንሽ የነፋስ ተርባይን ጨመርኩበት። የአድቫይዘሬ ፊት ግን አሁንም አልተፈታም። ለመጨረሻው ጁሪ 3 ሳምንት ቀርቶኛል። ሌላ ምን ልጨምርበት?

መልስ

ምንም አትጨምሪ። እንዲያውም ተርባይኑን ዛሬውኑ ሰርዢው። ተርባይን የሚፈልገው የማያቋርጥ ጠንከር ያለ ነፋስ ነው። ጋምቤላ ላይ እኛ የምንለፋው ላብ የምታደርቅ ትንሽ ሽውታ ቤት ውስጥ ለማስገባት ነው። ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ቢኖርማ ግማሹ ችግርሽ በራሱ ጊዜ በተቃለለ ነበር።

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽውን ስዕል ዘርግቼ አየሁት። እጅሽ ጥሩ ነው፣ ፕላኑም ንፁህ ነው። ሬንደሩ (ቤቱ ሲያልቅ የሚመስለውን የሚያሳየው ምስል) ያምራል፤ እንዲያውም ከቤቱ ይበልጥ ያምራል። ሴክሽኑ (ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ስዕል) ላይ ግን ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን ቦታ በአንድ ወፍራም መስመር አልፈሽዋል። የቆላ ቤት የሚድነውም የሚበላሸውም እዚያች መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ከጣሪያው ልጀምር።

ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ትላለች ማለት ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናብ ነው። ያኔ ሙቀቱ ረገብ ቢልም እርጥበቱ ልብስን ገላ ላይ ያጣብቃል። ጠፍጣፋ ኮንክሪት ሁለቱንም አይችልም። በበጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ማታ ቁልቁል ተኝቶ ባለው ሰው ላይ ይለቀዋል። በክረምት ውሃ ያቁራል። ሣሩ ያቀዘቅዘዋል ትይኝ ይሆናል። በበጋ ሣሩን ውሃ የሚያጠጣው ማነው? ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር እርጥብ አፈር በካሬ ሜትር ከ150 ኪሎ አያንስም። ያንን የሚሸከመው ሲሚንቶና ፌሮ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የናፍጣው ሒሳብ ብቻ ሣሩን ያደርቀዋል።

እኔ የምመክርሽ ቆርቆሮ ነው። አዎ፣ ቆርቆሮ። ስሙ የጠፋው ብቻውን ስለምንሰቅለው ነው። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው የጋለ ምጣድ አናቱ ላይ እንደተደፋበት ነው። አንቺ ግን ጣሪያውን ሁለት አድርጊው። ላይኛው ነጣ ያለ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ይሁን፤ ሥራው ፀሐይና ዝናብ መቀበል ብቻ ነው። ከሥሩ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት አየር ይኑር። ከዚያ በታች ኮርኒሱ ይመጣል፤ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተጠለፈ ሊሆን ይችላል፣ ችፑድም ቢሆን ግድ የለም። አየሩ በጣሪያው ጠርዝ ገብቶ በአናቱ ይውጣ። ብዙ ሰው ኮርኒስ ያስገጥምና ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ሙቀቱ እዚያው ይታፈንና ኮርኒሱን አግሎ ወደ ታች ይወርዳል። አንቺ ክፍቱን ተይው፤ የሌሊት ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ብቻ አልብሺው።

ማየት ከፈለግሽ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ ቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ መንደር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የጨረሰውን ትምህርት ቤት ሴክሽን ፈልጊ። ፎቶውን አላልኩም፣ ሴክሽኑን። ቆርቆሮው ከሸክላው ኮርኒስ ተነጥሎ በቀጫጭን ብረት ላይ ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ብረቱ እዚያው መንደር የተበየደ ተራ ፌሮ ነው። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የአርክቴክቸርን ትልቅ ሽልማት ፕሪትዝከርን ሲያገኝ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኗል። ፈረንሳዊው ንድፍ አውጪ ዣን ፕሩቬም እ.ኤ.አ. በ1949 ለኒጀሯ ኒያሜ ድርብ ጣሪያ ያለው ቤት ሠርቶ ነበር። ጣሪያው ልክ ነው። ግን አልሙኒየሙ ፈረንሳይ ተመርቶ በአውሮፕላን ነው የሄደው። በዚህ ዓይነት ሦስት ቤት ብቻ ተሠርቶ ነገሩ እዚያው ቀረ። ከሦስቱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒውዮርክ ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ በጨረታ ተሸጧል። ሦስቱም ቤቶች ተፈታትተው ሄዱ፣ ኒያሜም ሙቀቷም ግን እዚያው ናቸው።

አሁን ወደ ፀሐይ። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ጥፋቱም የተማሪው ብቻ አይደለም። የምታነቧቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ የተጻፉ ናቸው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ጋምቤላ ግን ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ሰኔ 14 ቀን በሰሜን 75 ዲግሪ ገደማ ላይ ትሆናለች። ታኅሣሥ 12 ቀን ደግሞ በደቡብ 58 ዲግሪ ላይ። አንቺ ሰሜኑን ያለ ምንም ጥላ ትተሽዋል።

ሒሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። የጣሪያው ጠርዝ ከመስኮቱ አናት ጋር እኩል ነው እንበል፤ የመስኮቱ ቁመት 1 ሜትር ተኩል። ታኅሣሥ ላይ ቀትር ላይ የደቡቡን መስኮት ሙሉ ጥላ ለማልበስ ጠርዙ 93 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። ለሰሜኑ በሰኔ 41 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከቀትር በፊትና በኋላ ያለው ፀሐይና በነፋስ የሚገፋው ዝናብ ሲታሰብ ግን ዙሪያውን 1.2 ሜትር አውጪው። እነዚህን ማዕዘኖች ሴክሽኑ ላይ በቀይ መስመር ሠርተሽ አሳዪያቸው። ጁሪ ላይ የሚቀመጥ ሰው ዘጠኝ ሬንደር ከሚያይ አንድ ትክክለኛ ማዕዘን ቢያይ ይመርጣል።

ምዕራቡን ግን የትኛውም ጠርዝ አያድነውም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ አግድም ትገባለች። አንቺ ደግሞ ትልቁን መስታወት እዚያ አደረግሽው፣ ያውም መኝታ ቤት ላይ! ባሮ እንደሚያምር አውቃለሁ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ይዩት። በምዕራብ በኩል ሽንት ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱንና ቁም ሳጥኖቹን ደርድሪ። ከውጭ አንድ ማንጎ ትከይ።

የአፈሩን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ተይው አልልሽም። 40 ሴንቲ ሜትር አፈር ሙቀቱን ወዲያው አያሳልፍም፤ 10 ሰዓት ገደማ ያዘገየዋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ በረከት ነው። ማታ ሲበርድሽ የቀኑ ሙቀት ይደርስልሻል። ጋምቤላ ላይ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ግድግዳውን የመታው ፀሐይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አልጋው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ወፍራሙን ግድግዳ ቀን ለሚዋልበት ሳሎን አድርጊው፣ ያውም ጥላ ሥር። መኝታ ቤቶቹ ቀጭንና ቀላል ይሁኑ፤ ማታ ፀሐይ እንደገባች አብረው ይቀዝቅዙ። የተጠለፈ ቀርከሃ በስሱ በጭቃ ተለስኖ ይበቃል።

ቤቱንም ዘርጊው። አሁን አራት ማዕዘን ሆኖ በራሱ ላይ ተከርችሟል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የረዘመ፣ አንድ ክፍል ብቻ ጥልቀት ያለው ይሁን። እያንዳንዱ ክፍል በሰሜንም በደቡብም መስኮት ያገኛል፤ በአንዱ የገባ ነፋስ በሌላው ይወጣል። በየወሩ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት መረጃ ጠይቂ። ለተማሪ ደብዳቤ ከትምህርት ቤትሽ አጽፈሽ ብትሄጂ ይሻላል። የተከበበው ግቢ ደረቅ በረሃ ላይ ጥሩ ነው፤ እርጥበት ያለበት ቦታ ላይ ግን ነፋስ የሚዘጋ ጉድጓድ ነው።

ኩሬው ይጥፋ። ውሃ አየርን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አየሩ ራሱ እርጥበት ከጠገበ ውሃው አይተንም፤ እዚያው ይተኛል። ጋምቤላ የወባ አገር ነው። አንቺ የትንኝ ማሳደጊያ ከመኝታ ቤት በር ሦስት እርምጃ ላይ ሠርተሽላቸዋል። ሮቶውም ቢሆን ክዳኑ የሚገጥም፣ ማስተንፈሻው በወንፊት የተሸፈነ ይሁን። አኖፊለስ እስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ከተገኘ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም። ከተማ ውስጥ በርሜልና ታንከር ይበቃታል።

እግረ መንገዴን ስለ ወንፊት ሽቦ ልንገርሽ። መስኮት ላይ ወንፊት ስትገጥሚ የነፋሱን ብዙ ድርሻ ታጪያለሽ። ስለዚህ ወንፊቱን ከመስኮቱ አውጥተሽ በረንዳው ላይ ዙሪያውን ግጠሚው። ስፋቱ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ነፋሱ ቀስ ብሎም ቢሆን ይገባል። በሞቃቱ ወራት ቤተሰቡ አልጋውን አውጥቶ እዚያው ያድራል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። መኝታ ቤቶቹ ቀለል ሊሉ የሚችሉትም በዚህ ምክንያት ነው፤ 80 ካሬሽ ይተርፍሻል።

ነፋስ ለማይነቃነቅባቸው ሌሊቶች የጣሪያ ማራገቢያ አስቢ። አንዱ 60 ዋት ገደማ ነው የሚበላው። ኤሲ ግን ከ1,000 ዋት ይዘላል። አየር በሰከንድ 1 ሜትር ከተንቀሳቀሰ ሰውነት ሙቀቱ 3 ዲግሪ ያህል የቀነሰ ያህል ይሰማዋል። ሶላርሽን ለአራት ማራገቢያ፣ ለመብራትና ለስልክ ቻርጅ አስልተሽ አሳንሺው። ፓነሉን 10 ዲግሪ ብቻ ወደ ደቡብ አዘንብይው፤ አቧራውን ዝናብ ያጥበዋል። ኮርኒሱ ከ3 ሜትር እንዳያንስ፤ ማራገቢያው ጋ የሰው እጅ መድረስ የለበትም።

ውሃው ላይ ያለሽ ሀሳብ ደግ ነው፣ ቁጥሩ ግን አይገናኝም። ጠርዙ ተጨምሮ ጣሪያሽ ከ120 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በወረደ ቁጥር፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 100 ሊትር ገደማ ታገኛለሽ። ጋምቤላ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። የውሃ እጥረት የለብሽም፤ ያነሰሽ ማጠራቀሚያ ነው። አምስት ሰው በቀን 20፣ 20 ሊትር ቢጠቀም ሮቶሽ በ20 ቀን ባዶ ይሆናል። በጣም ደረቆቹን አራት ወራት ለመሻገር 12,000 ሊትር ያስፈልጋል። ወይ ማጠራቀሚያውን አሳድጊ፣ ወይ «ለክረምት ብቻ» ብለሽ በሐቀኝነት ጻፊ። የመጀመሪያው ዝናብ ከቆርቆሮው ላይ አቧራና ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ እሱን የሚደፋ ቧንቧ አትርሺ።

ኪችኑን ከሳሎን አውጪ። ማገዶ ወይም ከሰል የሚነድበት ቤት ነው። ነፋስ በሚወጣበት በኩል ለብቻው ዳስ ሥሪለት። ይኼ ክርክር አያስፈልገውም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ የቀርከሃው ምሰሶ እግር። ስዕልሽ ላይ ምሰሶው ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ምስጥ ይበላዋል። ለዚህ አሶሳ አካባቢ የሚበቅለውን ሽመል ተጠቀሚ፤ ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላ ቀርከሃ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ የቆየውን፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ የተቆረጠውን ምረጪ። ለጋው ስታርች ስላለው ነቀዝ ይወደዋል። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተበጠበጠበት ውሃ ተነክሮ ጥላ ሥር ይድረቅ። ይህ መድኃኒት ግን ዝናብ ካገኘው ታጥቦ ይሄዳል፤ ጠርዙን 1.2 ሜትር ያስወጣሁሽ ለእሱም ነው።

እግሩን እንዲህ ሥሪው። ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ አጭር የኮንክሪት እግር ይውጣ። ከላዩ የዚንጎ ላሜራ ቆብ ይደረግለት፤ ጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ወደ ታች የታጠፈ። ከኮንክሪቱ ሁለት የብረት ሳህን ይቁም። ሽመሉ በሁለቱ መካከል ገብቶ በብሎን ይታሰር፣ ግን ታችኛው ጫፉ ኮንክሪቱን አይንካ። ሁለት ጣት ያህል አየር ይኑር። ይህ ሁሉ ምስጥን አይከለክለውም፤ ምስጥ ላሜራውን ዞሮ መውጣት ይችላል። ነገር ግን ለመውጣት የጭቃ መንገዱን ውጭ ላይ፣ ዓይን ፊት መሥራት ይኖርበታል። የቤቱ ባለቤት ጠዋት በረንዳ ስትጠርግ ታየውና በመጥረጊያዋ ታፈርሰዋለች። መድኃኒት ቢያልቅ፣ ባለሙያ ቢጠፋ፣ መጥረጊያ አይጠፋም። ይህን ዝርዝር በ1 ለ 5 ስኬል ሥሪው። አድቫይዘርሽ ፊቱ የሚፈታው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ወለሉንም ከፍ አድርጊ። ባሮ በክረምት ሲሞላ ዳርቻውን ያለፈባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። ቤቱን በሙሉ ምሰሶ ላይ ማቆም ውድ ነው፤ በአካባቢው ድንጋይ የተሠራ ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሚደርስ መደብ በቂ ነው። ቁጥሩን ከቢሮ አትወስኚው። የሰፈሩን ሰው በስልክም ቢሆን «ውሃው እስከየት ደርሶ ያውቃል?» ብለሽ ጠይቂ፤ የሚነግሩሽ የትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ነው።

ሦስት ሳምንት ይበቃሻል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ አንድ ሴክሽን ላይ አጥፊው፣ በ1 ለ 20 ስኬል። ፕላኑ ከዚያ ተከትሎ ይመጣል። ግድግዳ ላይ የሚወጣውን አትክልት ከወደድሽው ምዕራቡ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ባለ ሽቦ ላይ አድርጊው፤ ቢያንስ ሥራ ይኖረዋል። ጁሪው «ሣሩ የት ሄደ?» ቢልሽ አትደንግጪ። የሰረዝሽውን በአንድ ገጽ ከነምክንያቱ ይዘሽ ግቢ።

ጥያቄ

ድሬዳዋ ነው የምኖረው። የአባቴ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ አለው፣ ኮርኒስ የለውም። በጣም ይሞቃል። ልጆቼ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

እባክዎ አያፍርሱ። ከላይ ለተማሪዋ ስለ ግድግዳ ያልኩት ለእርስዎ አይሠራም። ድሬዳዋ ሞቃት ቢሆንም አየሩ ደረቅ ነው፣ ማታም ቀዝቀዝ ይላል። ወፍራም ድንጋይ እዚያ ጠቃሚ ነው፤ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ግን ከሰዓት በኋላ ያቃጥላችኋል። የሚያሞቃችሁ ጣሪያው ነው። ለማፍረሻ ካሰባችሁት ብር በጥቂቱ ኮርኒስ አስገጥሙ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር ይለፍ፣ ቆርቆሮውንም ነጭ አስቀቡት። በርሜሎቻችሁን ክደኑ፤ የደንጊ ወረርሽኝ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው ድሬዳዋ መሆኑን ያስታውሳሉ።

መስኮቱን ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ዝጉት፣ መጋረጃውንም ጣሉት። ፀሐይ ከገባች በኋላ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት፣ እስኪነጋም ይደር። ሌባ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ፍርግርግ ብረትና ወንፊት አስበይዱበት፤ ብረቱን ከውጭ፣ ወንፊቱን ከውስጥ፤ ወንፊቱ ለማጠብ እንዲወልቅ ሆኖ ይሠራ።